የአባቴን ምርቃት የበላው ዲስክ!

ዛሬ ከፍቅረኛና ከትዳር ጣጣ ትንሽ ዞር ብለን ስለ ኮምፒዩተር ልናወራ ነው። «ኮምፒዩተር ደግሞ ከዚህ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ! መዳፍ የምታክል ዕቃ ከገዛ እህቴ ጋር ሦስት ወር ሙሉ አኮራርፋኛለች።

ያደግኩት አሰላ ነው። ከተማዋ ጭላሎ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ማታ ማታ ብርዱ አያስወጣም። ሰው በጊዜ ይገባና የሚሰማ ወይም የሚታይ ነገር ከቦ ይቀመጣል። የአገራችን ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ የምሩፅ ይፍጠርን የ1972 ዓ.ም. የሞስኮ ኦሊምፒክ ድል የሰማው በአባቱ ሬዲዮ ነው። እኛ ደግሞ የቪዲዮ ቤት ልጆች ነን። አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ እየተደገፈ፣ አስተርጓሚው የፈለገውን እየጨመረ ሲተረጉምልን ያደግን! ከዚያ ሲዲ ኪራይ መጣ፣ ቀጥሎ ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚጭን ቤት መሰለፍ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለ ጊዜ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ስልኮቻችን ዱዳ ሆኑ። ያኔ ነው ሰፈራችን ያለ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጉዱን ያሳየኝ። ቤቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተች ትውላለች፤ ፊልሙም ዘፈኑም ጎኗ ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ የእናቱም ስልክ፣ የወንድሙም ስልክ በዋይፋይ ከሷ ላይ ይስባሉ። ኢንተርኔት የለም፣ ካርድ አይበላ! ዋይፋይ የሚረጨው ሳጥን ካለ በቃ። ፊልሞቹን በየፈርጁ ደርድሮ የሚያሳየው ጄሊፊን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ይኸውም በነፃ የሚገኝ ነው።

ቅናት ያዘኝ። አጠራቅሜ፣ አበድሬ ያልተመለሰልኝን ሁሉ ለቃቅሜ፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለዋን አራተኛውን ሞዴል ገዛሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ሲያወጧት ልጆች ኮምፒዩተር እንዲማሩባት ብለው ነበር፤ እኛ ሲኒማ ቤት አደረግናት። የምትፈጀው መብራት እንደ አንድ ቆጣቢ አምፖል ነው። ሆዱ ከኋላ የተነፋው የድሮ ቴሌቪዥን እንኳ ይሠራላታል፤ ገመዱን ካገኛችሁ በቢጫና በነጭና በቀዩ መሰኪያ ትገባለታለች።

ስለ ስክሪን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ባለ 32 ኢንች ተራ ቴሌቪዥን ይዛችሁ «አራት ኬ» ፊልም ካልሆነ የምትሉ ልጆች፣ ለማን ነው? ያ ፊልም 3,840 በ2,160 ነጥብ ነው፤ የናንተ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ 1,366 በ768። የቀረውን ነጥብ ዲስካችሁ በከንቱ ይሸከመዋል! ሁለት ጊጋ ገደማ የሚመዝን ፊልም ከሆነ አንድ ቴራ ዲስክ 500 ያህሉን ይይዛል። ደግሞ ትንሿ ኮምፒዩተር ከባድ ፊልም ወደ ሌላ ዓይነት እየቀየረች ለስልካችሁ ላቅርብ ስትል ትንገዳገዳለች።

ወደ ጣጣዬ ልመለስ።

ታላቅ እህቴ በ2009 ዓ.ም. ስታገባ አባታችን ቆሞ መረቃት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ እንባ እየተናነቀው። በ2013 አባታችን አረፈ። እህቴ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ የሠርጉ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ ሰጠችኝ። እኔም ዲስኬ ላይ ገለበጥኩና «አታስቢ፣ እኔ ጋ አለ» ብዬ ፍላሹን አጥፍቼ ፊልም ሞላሁበት። አያችሁ ድፍረት?

አንድ የሐምሌ ማታ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ፊልም እገለብጣለሁ። መብራት ጠፋ። መጣ። ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ዲስኩ ቀጭ... ቀጭ... ማለት ጀመረ። እንደ ሞኝ ነቅዬ እየሰካሁ አደርኩ፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ነው፣ እንዲህ የሚንቀጫቀጭ ዲስክ ወዲያው ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ቀድሞም ሁለት ዲስክ ሰክቼባት ነበር፤ የትንሿ ኮምፒዩተር አራት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ግን ተደምረው ከ1.2 አምፔር በላይ አይሰጡም። አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኩት። ባለሙያው ከፈተና «ወንድሜ፣ መርፌዋ ሰሌዳውን ፈቅፍቃዋለች» አለኝ።

ስለ ኃይሌ የተሠራው «ኢንዱራንስ»ም፣ ስለ በቆጂ ሯጮች የተሠራው «ታውን ኦፍ ራነርስ»ም እዚያው ነበሩ። ሄዱ። እነሱንስ ነገ ሌላ ሰው ጋ አገኛቸዋለሁ። አባቴንስ?

እህቴ ለልጇ ልደት ምርቃቱን ላክልኝ ስትል ሦስት ሳምንት ዋሸኋት። «ኔትወርክ እምቢ አለ»... «ፋይሉ ትልቅ ነው»... በመጨረሻ ተናገርኩ። ዝም አለች። «አንተ ልጅ፣ አባቴን ሁለት ጊዜ ገደልክብኝ» ብላ ዘጋችው።

እናቴን ደፍሬ ያልጠየቅኳት አንድ ነገር ነበር፦ የሠርጉ ካሜራማን ዲቪዲ ሰጥቶ ነበር ወይ? ስጠይቃት ሳትናገር ሳጥኗን ከፈተች፤ ከነጠላዎቿ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ተጫጭሯል። ጠጋኙ ጓደኛዬ የተበላሸውን እየዘለለ በሚገለብጥ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ታገለው። ጭፈራው የለም፣ የኬኩ ቆረጣ የለም፣ ምርቃቱ ግን አራት ደቂቃ ያህል ወጣ።

አሁን አደራጀጀቴን ቀይሬያለሁ። ትንሿን ኮምፒዩተር ለጨዋታ ትቼ፣ ስክሪኑ የተሰበረ ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ገዛሁ። መብራት በሚመላለስበት አገር ይኼ ይሻላል እላለሁ፤ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣችኋል። ስክሪኑ ቢሰበርስ? በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል። ፓይዋን የሚመርጥ ደግሞ መጀመሪያ የመብራት ማቆያውን፣ ዩፒኤስ የሚሉትን፣ ይግዛ፤ ፊልሙ ይድረሳል። ቤት ውስጥ ያሉ የሠርግና የልቅሶ ካሴቶችና ዲቪዲዎችን ደግሞ ዛሬውኑ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም ዋናውን እንዳትጥሉ!

ምርቃቱ አንዱ ላፕቶፑ ላይ ነው። ሌላው አክስቴ ቤት በተቀመጠ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው እህቴ ስልክ ላይ። እናቴ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ታስከፍተውና ከአባቴ ፊት ተነሥታ «አሜን» ትላለች። እህቴ በሦስተኛው ወር ደወለች። ሰላምታ ሳታቀርብ «ስንት ቦታ አለ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«አራተኛ ጨምር» አለችና ወደ እናቴ አስተላልፍልኝ አለች።