አስተዳደግና የተማሪው ጠባይ በጎንደርና በስሜን ደጋ

ሽማግሌዎች «የዛሬ ልጅ አይታዘዝም» ይላሉ፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ «የቀድሞ ሰው አይሰማም» እንላለን። የዚህ ልዩነት ምክንያት ዘመናዊው ትምህርት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን፥ ወጣቱ አዲስ ሐሳብ ያገኘው ከትምህርት ቤት ቢሆንም፥ ሐሳቡን የሚገልጽበትን ወይም የሚደብቅበትን መንገድ የተማረው ከቤቱ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩ በቤትና በመስክ

በዳባት፥ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ የሚያድግ ልጅ አስቀድሞ የሚማረው ታላላቆቹን አንቱ ማለትን ነው። እንግዳ ሲመጣ ይነሣል፤ እጅ ያስታጥባል፤ ትልልቆች ሲበሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲነጋገሩም አይገባም። እንዲህ ያለው ልጅ «ጨዋ» ይባላል፤ ሌላው ግን «ስድ» ተብሎ ወላጆቹን ያሰድባል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለም አስተያየቱን የሚጠይቀው የለም።

ይኸው ልጅ ትንሽ ከፍ ሲል በግና ፍየል፥ ቆይቶም ከብት ይዞ መስክ ይውላል። በዚያ ከእኩዮቹ ጋር ይከራከራል፥ ይታገላል፥ ይዘፍናል፥ ይዳኛል። ስለዚህ በታላላቆቹ ፊት ዝምታን፥ በእኩዮቹ መካከል ድፍረትን ይለምዳል። «አባቴ፥ በዚህ አልስማማም» ብሎ በአክብሮት መከራከርን ግን ከሁለቱም ስፍራ አይማርም።

፪ መኮብለልና ቅኔ ቤት

ከአባቱ ፈቃድ ጋር ያልተስማማ ወንድ ልጅ የታወቀ መንገድ ነበረው፤ እርሱም መኮብለል ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይዞር ነበር። ሴት ልጅ ግን ከውሃ መቅዳትና ከወፍጮ ወደ ትዳር ስለምትሄድ ይህም መንገድ ብዙውን ጊዜ አልነበራትም።

ቅኔ ቤት የገባው ተማሪ አንድ አዲስ ነገር ያገኛል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የራሱን ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። መምህሩን ይፈራል፤ ቢሆንም የራሱን ሐሳብ ይዞ ፊቱ ይቀርባል። በሌላው ስፍራ የተለያዩት አክብሮትና ድፍረት እዚህ አንድ ላይ ይገኛሉ።

፫ በዘመናዊው ትምህርት

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ከነዚህ ወጣቶች አንዱ ገጠር ወርዶ ሽማግሌውን «መጸዳጃ ይቈፍሩ፤ ምንጩን ይጠብቁ» ማለት ነበረበት። ልጅ አስተማሪ፥ አባት ተማሪ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ቆሞ እጅ ማስታጠብን የሚያውቅ ወጣት በቶሎ ይሰማል፤ ስለዚህ ጨዋነት ለአዲሱ ዕውቀት በር ከፋች እንጂ ጠላት አይደለም።

በአዲስ አበባ ግን ተማሪው ከአባቱ ርቆ ከእኩዮቹ ጋር ያድር ስለ ነበር የመስኩ ድፍረት በረታ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ በሰልፍ ወጣ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ላከ፤ ብዙ ሽማግሌዎችም ከልጆቻቸው እኩዮች አዲስ ሕግ ሰሙ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጎንደር እጅግ ብዙ ወጣቶቿን አጣች። ይህን ሁሉ አስተዳደግ አመጣው አንልም፤ የመሬቱ ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ የገደለውም ሥልጣን ነው። ሆኖም በዝምታና በመለያየት መካከል ሦስተኛ መንገድ ያልለመደ አገር ልዩነቱን በቃል መጨረስ እንደሚከብደው ከዚህ እንረዳለን።

፬ መደምደሚያ

ዛሬም በክፍል ውስጥ ዝም የሚለው ተማሪ ማታ በመኝታ ክፍሉ አንደበተ ርቱዕ ነው። መምህሩ ዝምታውን እንደ ስንፍና ወይም እንደ መስማማት ቢቈጥረው ይሳሳታል፤ የቤቱ ትምህርት ነውና። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። የቅኔ መምህር እንደሚያደርገው፥ ተማሪው የራሱን ሥራ በየጊዜው እንዲያቀርብ፥ መምህሩም በጉባኤ ፊት እንዲያርመው ቢደረግ፥ አክብሮት ሳይጎድል ክርክር ይለመዳል። ወላጆችም «አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?» ብለው ልጆቻቸውን በማዕድ ዙሪያ ቢጠይቁ፥ በመምህር ፊት የሚናገር ተማሪ ያገኛሉ ብለን እናምናለን።