የደጋ ቅዝቃዜና የሙዝ ንግድ

በመንዝና በግሼ ደጋ ሙዝ የሚሸጥ ባለሱቅ ሸቀጡን ከቆላ አገር ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። የዚህም ምክንያቱ ብርድ ነው። ይኸው ብርድ ተክሉን እንደሚጎዳ ሁሉ የተቆረጠውንም ፍሬ ስለሚያበላሽ ነጋዴው ጠባዩን ሊያውቀው ይገባል።

ለሙዝ እጅግ የሚስማማው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠል የማውጣቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ወደ 13 ዲግሪ ሲጠጋም እድገቱ የሚቆም ያህል ይሆናል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው መሐል ሜዳ ሙዝ ከሚላክባት ከአርባ ምንጭ በ10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች።

የአፈሩም ቅዝቃዜ እንደ አየሩ ይጎዳል። ከላይ ግንድ መስሎ የሚታየው የተደራረበ የቅጠል እግር ሲሆን፣ እውነተኛው ግንድ በአፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። አዲስ ቅጠልም የሚፈልቀው ከዚያው ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውሃና ምግብ መሳቡን ያዘገያል። በአበባው ወራት ብርድ ሲጸና ዘለላው መውጫው ላይ ታንቆ ይቀራል፤ ውርጭ ሲጥልም ቅጠሉ ይቃጠላል። በመርሐ ቤቴ ግን ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ አገሩ ቆላ ስለሆነ፣ ውሃ እስከተገኘ ድረስ ሙቀቱ ለሙዝ አያንስም።

ፍሬው ከተቆረጠም በኋላ ሕይወት አለው። ከ13 ዲግሪ በታች ብዙ ሰዓት ከቆየ በልጣጩ ውስጥ ያለው ወተት መሰል ፈሳሽ ይረጋል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ፍሬውም በኋላ ቢሞቅ እንኳ በደንብ አይበስልም። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ አረንጓዴ ሆኖ የተረከቡት ጭነት ከቀናት በኋላ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ጭነቱ በደብረ ብርሃን ወይም በጣርማ በር ብርድ ሳይሸፈን ባያድር ይበጃል። በመጋዘንም ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ከማኖር በሣንቃ ላይ ማኖር፣ በኅዳርና በታኅሣሥም ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማስመጣት ይሻላል። ተረካቢውም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ከጥቂት ፍሬዎች ልጣጩን በቢላዋ ስስ አድርጎ ገልጦ ይመልከት፤ ከሥሩ ቡናማ ሰንበር ካየ ጭነቱ በመንገድ ብርድ አግኝቶታል።