ያውቁ ኖሯል? ሴት ስታስል የሚያመልጣት ሽንት በመርፌም ይታከማል

ጀሪካን አዝሎ ዳገት መውጣት፣ ማሳል፣ ማስነጠስ፣ መሳቅ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ፣ ብዙ የወለዱ ሴቶች በእነዚህ ጊዜያት ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ኀፍረቱም አፋቸውን ይይዛቸዋል። የሽንት ቱቦን የሚደግፉት ጡንቻዎች በምጥና በወሊድ ላልተው ነው። ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

መጀመሪያ የሚታዘዘው የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ወይም መርፌ። ሐኪሙ በቀጭን መመልከቻ እያየ፣ ከፊኛው አንገት ዝቅ ብሎ በቱቦው ግድግዳ ጥቂት ቦታ ላይ ጄል ይወጋል። ግድግዳው ያብጥና መተላለፊያው ይጠባል። አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ቡልካሚድ የተባለው ጄል 97.5 በመቶው ውኃ ነው። ሕክምናው ስፌት የለውም፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ኃይሉ ግን ከቀዶ ሕክምናው ያንሳል፣ መደገምም ሊያስፈልገው ይችላል።

ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ሌላ ነው። ከወሊድ በኋላ ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት የቀዳዳ ምልክት ነው፤ እሱን የሚዘጋው ቀዶ ሕክምና እንጂ ይህ መርፌ አይደለም። ቀዳዳው ተዘግቶም ስታስል የሚያመልጣት ሴት አለች፤ ተመልሳ ለሐኪሟ ትንገር። የባሕር ዳር ሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌስቱላ ሕክምናን በነፃ ይሰጣል።