«ላይሰንሴ ተቃጥሏል» ለሚሉ ፊዚካል ቴራፒስቶች

ላይሰንሱ የተቃጠለበት ሰው በእኛ መካከል መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «እንግዲህ ከዜሮ መጀመር ነው» የሚል ነው። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፋት የለባቸውም። አንዱ በፋርማሲ፣ ሌላዋ በነርስነት፣ ሦስተኛው በሌላ ስቴት ያየውን ነው የሚያወራው። ሕጉ ግን ከሙያ ሙያ፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ኖሮት ሙያውን ለዓመታት ያቆመ ፊዚካል ቴራፒስት ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ እንዲገባ ወይም አገር አቀፉን ፈተና እንደገና እንዲወስድ ደንቡ አያስገድደውም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነችኝ የቤተሰባችን ወዳጅ ናት፤ አክስቴ እላታለሁ። እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ ተፈትና፣ አረጋውያን በሚያገግሙበት ተቋም ስትሠራ ቆይታ ሦስተኛ ልጇ ሲወለድ አቆመች። ቀጥሎ እናቷ አዲስ አበባ ታመሙና ለማስታመም ሄደች። ስትመለስ የፈቃዷ ጊዜ አልፎ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሆናት፤ አሁን የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች። «አንቺ ነርሲንግ እየተማርሽ አይደል፣ እስኪ ይህን ነገር አብረን እንየው» አለችኝ። (ነርሲንግ የሚማር ልጅ በሐበሻ ቤት ከደም ግፊት እስከ ኢሚግሬሽን ፎርም ሁሉን ያውቃል ተብሎ ነው የሚታሰበው።) ቁጭ ብለን ደንቡን አነበብነው። ቋንቋው የሕግ ቋንቋ ቢሆንም የሚለው ነገር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም።

ፈተናውንና ፈቃዱን መለየት ያስፈልጋል። ፈተናው አገር አቀፍ ነው። የሚያዘጋጀው የስቴት ፊዚካል ቴራፒ ቦርዶች ፌዴሬሽን ሲሆን ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ማለፊያው 600 ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ስቴቱ ነው። አሌክሳንድሪያ የምትሠራ ሴት የምታመለክተው ለቨርጂኒያ ቦርድ ነው። ፖቶማክን ተሻግራ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ብታገኝ የሜሪላንድ ቦርድ አለ፤ ዲሲ ከሆነ ደግሞ የዲሲ ቦርድ። በአንድ ከተማ ዙሪያ ሦስት ሕግ ማለት ነው። ስለዚህ «ፊዚካል ቴራፒ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ «የት?» ብላችሁ ጠይቁት።

ቨርጂኒያ ውስጥ የፊዚካል ቴራፒ ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ የመጨረሻው ቀን በሙሉ ቁጥር ዓመቶች፣ ማለትም እንደ 2024 እና 2026 ባሉት፣ ዲሴምበር 31 ነው። ለማደስ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። ያላደሰ ሰው ፈቃዱ ያልፍበታል። ከዚህ በኋላ ሁሉን የሚወስነው ካለፈበት ቀን ጀምሮ የተቆጠረው ጊዜ ነው፤ መስመሩ የተሰመረው ሁለት ዓመት ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ የገንዘብና የትምህርት ጉዳይ ነው። የማደሻውንና የመዘግየቱን ክፍያ መክፈል፣ የጎደለውን ተከታታይ ትምህርት ማሟላት፣ በቃ። ከሁለት ዓመት ካለፈ ግን ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ፈቃዱ እንዲመለስ ማመልከትና መክፈል ነው። ሁለተኛው ፈቃዱ ላለፈበት ጊዜ ተከታታይ ትምህርቱን መውሰድ ሲሆን እዚህ ላይ ደንቡ ደግ ነው፤ ቢበዛ የአራት ዓመት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሰባት ዓመት ያቆመችው አክስቴ የሰባት ዓመት ትምህርት አትከፍልም ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ባለፉት አራት ዓመታት ውስጥ በሌላ ግዛት ቢያንስ 320 ሰዓት በሙያው ሠርቶ መገኘት ነው፤ ያ ከሌለ ደግሞ እዚሁ 320 ሰዓት በክትትል ሥር መለማመድ።

ዋናው ነገር ይህ 320 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ስምንት ሳምንት ይሆናል። ለሦስት ዓመት ላቆመም ለዘጠኝ ዓመት ላቆመም የተጻፈው ቁጥር ያው ነው። የትም ቦታ ግን አይሠራም። ቦታው እውቅና ያለው የፊዚካል ቴራፒ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ የሚልክበት መሆን አለበት፤ ቦርዱ ሊያጸድቀው ይገባል፤ ሥራውም ፈቃድ ባለው ፊዚካል ቴራፒስት መሪነትና ክትትል ሥር ነው የሚከናወነው። በመጨረሻ ያ ተቆጣጣሪ በቦርዱ ቅጽ ላይ ሪፖርት ያቀርባል። ሰዓቱ አልቆ ልምምዱ በደንብ አልተጠናቀቀም ብሎ ከጻፈ፣ ሌላ ልምምድ ይጀመር እንደሆነ ቦርዱ በኩል ይወሰናል። ስለዚህ የምታውቁት ሰው ክሊኒክ ገብታችሁ ሰዓት መቁጠር ከጀመራችሁ በኋላ ፈቃድ ልጠይቅ ማለት አያዋጣም። ማጽደቁ ይቅደም።

ደንቡ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ እንደ ተማሪ ሳየው መሠረቱ ትክክል ይመስለኛል። ክሊኒካል ልምምድ ላይ ፊዚካል ቴራፒስቶች ስትሮክ የመታውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ሲያስነሱ አይቻለሁ። በሽተኛው ወገብ ላይ የታሰረውን ቀበቶ በአንድ እጅ ይዘው፣ በእግራቸው የታማሚውን ጉልበት ደግፈው፣ ዓይናቸው ፊቱ ላይ ነው፤ ሊያዞረው እንደሆነ ከእሱ ቀድመው ያውቃሉ። ይህን መጽሐፍ አንብቦ ማስታወስ አይቻልም፤ እጅ ነው የሚያስታውሰው። ዳሌው የተቀየረለት ሰው ቢወድቅ የሚጎዳው የሕግ ጽሑፉ አይደለም። በሌላ በኩል ሦስት ልጅ ያላት፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት ስምንት ሳምንት ሙሉ ከሥራዋ ወጥታ መለማመድ ምን ማለት እንደሆነ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ብዙ ያሰቡበት አይመስለኝም። ልምምዱ ላይ ክፍያ ይኖር እንደሆነ ከተቋሙ ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ቦታ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ተማሪዎች ለዚያው ወንበር ይሻማሉና። እዚህ ላይ የዚህ ማኅበር አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች ከምታስቡት በላይ ትጠቅማላችሁ። በሆስፒታል፣ በማገገሚያ ማዕከል፣ በአረጋውያን መኖሪያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ቦታችሁ የፊዚካል ቴራፒ ተማሪ የሚቀበል መሆኑንና ልምምዱን የሚያስተባብረው ማን እንደሆነ ማወቅ አንድ ስልክ ነው። ለተመላሿ ሴት ግን ያ አንድ ስልክ የሁለት ወር ልፋት ይቀንስላታል።

አሁን እየሠራችሁ ለወሊድ ወይም ቤተሰብ ለማስታመም ልታቆሙ ያሰባችሁ ሌላ አማራጭ አላችሁ፤ ፈቃዱ ሳያልፍ ኢንአክቲቭ እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ። በዚህ ጊዜ ተከታታይ ትምህርት አትጠየቁም፣ በሙያው መሥራትም አትችሉም። ብዙ ሰው ኢንአክቲቭ ካደረግሁት ሰዓቱ ይቆምልኛል ብሎ ያስባል። አይቆምም። ወደ አክቲቭ ስትመልሱትም ባለፉት አራት ዓመታት ውስጥ በሌላ ግዛት የተሠራ 320 ሰዓት፣ ያ ከሌለ ልምምዱ፣ ከዚያም ላይ ቢበዛ የአራት ዓመት ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ የሚቻል ከሆነ ፈጽሞ አለማቋረጥ ይሻላል። የቨርጂኒያ ደንብ በሥራ ላይ ያለ የሚለው በ24 ወር ውስጥ ቢያንስ 160 ሰዓት የሠራን ሰው ነው። ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አልፎ አልፎም ሁለት፣ ሲጠሩ እየገቡ መሥራት ከስምንት ሳምንት ልምምድ በብዙ ይቀላል።

ስቴት መቀየር ያሰበ ሰው መስመሩም እንደሚቀየር ይወቅ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የምትቆጥረው እስከ አምስት ዓመት ነው። ያለፈበት ፈቃድ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊታደስ ይችላል፤ አምስቱ ካለፈ ያ ፈቃድ ለዘላለም አይመለስም፣ እንደ አዲስ አመልካች መጠየቅ ነው ያለው። «ከዜሮ ነው» የሚለው ወሬ ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የመጣ ይመስለኛል። በስቴቶች መካከል የተፈረመው ኮምፓክት ደግሞ በአንዱ ፈቃድ በሌላው አባል ስቴት ለመሥራት መብት ይሰጣል፤ ቨርጂኒያም አባል ናት። ግን የሚያገለግለው በመኖሪያ ስቴቱ አክቲቭ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። ለተመላሽ ሰው አቋራጭ አይደለም፤ ከተመለሰ በኋላ የሚጠቅም ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ፊዚዮቴራፒ ተምረው እዚህ ፈቃድ ያላወጡ እህቶችና ወንድሞች ግን በዚህ በር አይገቡም። የእነሱ የመጀመሪያ ፈቃድ ነው። ትምህርታቸው ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑ ይገመገማል፣ ፈተናውን ማለፍ አለባቸው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚጠየቀው ልምምድም 320 ሳይሆን 1,000 ሰዓት ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ሊቀር ይችላል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያንን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ማስጻፍ ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው በዚህ አይታማም።

ፈቃዱ እስኪመለስ ድረስ ግን በቢዝነስ ካርድም በፌስቡክም ላይ ከስም ቀጥሎ ፊዚካል ቴራፒስት ብሎ መጻፍ በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው። ከቅዳሴ በኋላ «ጉልበቴን እስኪ እይልኝ» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ መልሱ ለጊዜው «ሐኪም ጋ ልውሰድዎት» ነው።

መጀመር ለሚፈልግ የመጀመሪያው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የፈቃድ መፈለጊያ አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። ስማችሁን አስገቡና ፈቃዱ ያለፈበትን ቀን በወረቀት ላይ ጻፉ። ከሁለት ዓመቱ መስመር በየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ከዚያ ታያላችሁ። ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ስንት ሰዓትና ምን ዓይነት እንደሚቀበሉ ቦርዱን በኢሜይል ጠይቁ፤ በስልክ የተባለውን ሳይሆን በጽሑፍ የመጣውን መልስ ከማመልከቻችሁ ጋር አስቀምጡት።