በአዋጅ የተሻረ ገንዘብ

የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2016 ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደማያገለግሉ አስታወቁ። ሁለቱ ኖቶች በሀገሪቱ ከሚዘዋወረው ጥሬ ገንዘብ በዋጋ 86 በመቶውን ይይዙ ነበር። ዓላማው ከግብር የተደበቀ ሀብትን ማምከን፣ ሐሰተኛ ኖትን ማስወገድና ለሽብር የሚውል ገንዘብን ማድረቅ ነው ተባለ። አዲሱ ኖት ግን በበቂ መጠን አልታተመም፤ የኖቱ ስፋትም ስለተለየ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ሕዝቡ ለሳምንታት ባንክ ደጃፍ ተሰለፈ። በእጅ በእጅ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ሥራ አጣ፤ ገበሬው ለዘር መግዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አጠረው።

የሀገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከተሻሩት ኖቶች 99.3 በመቶው ወደ ባንክ ተመልሷል። ሀብት የደበቁ ሰዎች ኖታቸውን ይዘው ይከስራሉ የተባለው ሳይሆን ቀረ። ትልቅ ሀብት የሚሸሽግ ሰው በመሬት፣ በወርቅና በውጭ ምንዛሬ ያኖራል፤ ኖት የነበረውም በዘመድና በሠራተኛ ስም ከፋፍሎ አስገባው። ይህም ሆኖ የሞዲ ፓርቲ ከጥቂት ወራት በኋላ በሕዝብ ብዛት ትልቁ በሆነው ግዛት በኡታር ፕራዴሽ ምርጫ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ድሃው መከራውን የታገሠው፣ ይበልጥ የሚጎዳው ሀብታሙ ነው ብሎ ስላመነ ይመስለኛል።

የገንዘብ ለውጥ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2005 ስድስት ዜሮ፣ ጋና በ2007 አራት ዜሮ ከገንዘባቸው ቀንሰዋል። ይህ የሂሳብ አያያዝን ያቀልላል እንጂ የማንንም ሀብት አይነካም። የምዕራብ ጀርመን የ1948 ለውጥ ግን ሌላ ነበር። ራይኽስማርክ በዶይቸ ማርክ ሲተካ ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ 40 ማርክ ተሰጠ፤ የባንክ ቁጠባ ግን በመጨረሻ 100 የነበረው 6.50 ሆነ። ቤትና ፋብሪካ የነበራቸው ንብረታቸው አልተነካባቸውም፤ ቆጣቢው ከሰረ። የኢኮኖሚ ኃላፊው ሉድቪግ ኤርሃርድ በዚያው ሰሞን የብዙ ሸቀጦችን የዋጋ ቁጥጥር በማንሳታቸው፣ ተደብቆ የከረመው ዕቃ ወዲያው ሱቅ ውስጥ ታየ። ኖቱን ያስከበረው ይህ ዕቃ ነው። አዲሱ ማርክ ወደ ምዕራብ በርሊን ሲገባ ሶቪየት ኅብረት ወደ ከተማዋ የሚወስዱትን የየብስ መንገዶች ዘጋች።

በርማ እ.ኤ.አ. በ1987 የ25፣ የ35 እና የ75 ቻት ኖቶችን ያለ ምንም ካሳ ሻረች። ቁጠባቸው የጠፋባቸው ተማሪዎች ያንጎን ውስጥ ወዲያው ተቃውሞ አስነሡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዐመፅ ተቀጣጥሎ የሀገሪቱ ገዢ ኔ ዊን ከፓርቲ መሪነታቸው ወረዱ። ናይጄሪያም ከፌብሩዋሪ 2023 ምርጫ በፊት የ200፣ የ500 እና የ1,000 ናይራ ኖቶችን ለመቀየር ስትጣደፍ አዲስ ኖት ጠፋ፤ ባንኮች ተጠቁ። ነገሩ የቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሮጌዎቹ ኖቶች እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲያገለግሉ ሲወስን ነው።

በእኛ ሀገር ኖት የሥርዓት ለውጥን ተከትሎ ሲቀየር ኖሯል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው ብር የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ተክቶ የሉዓላዊነት ምልክት ሆነ። ደርግ በ1969 የንጉሡን ምስል ከኖቱ አነሣ። በ1990 ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ኖቷን ቀየረች፤ የድንበር ንግዱ በውጭ ምንዛሬ ይሁን መባሉ ግንኙነቱን አሻከረው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ መነሻ ይህ ብቻ ነው ባይባልም ከመነሻዎቹ ውጪ አድርጎ ማየትም አይቻልም።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የታወጀው የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ቅያሬና አዲሱ ባለ 200 ብር ኖት 3.7 ቢሊዮን ብር የኅትመት ወጪ ጠይቋል። ከባንክ ውጭ አለ የተባለው ገንዘብ 113 ቢሊዮን ብር ነበር። ብዙ ሰው የባንክ ሂሳብ ከፈተ፤ ተቀማጭ ገንዘብም አደገ። ይህን አሳንሼ አላየውም። የዋጋ ንረቱ ግን በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ሄደ፤ የኑሮ ውድነት ምንጩ ኖቱ አልነበረምና። ከሁሉ የሚከብደው የትግራይ ሕዝብ ጉዳይ ነው። የመቀየሪያው ሦስት ወር ሳያልቅ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ ነዋሪው በእጁ የያዘውን አሮጌ ኖት የሚቀይርበት አጣ።

ብሩ ራሱ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዓረብ ሀገርና ከአሜሪካ ለቤተሰቡ የሚልክ ሰው በባንክ እና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ሲጠብብለት አየ፤ በከተማ በደመወዝ የሚኖረው ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ሲወደድበት።