ከሥራ በኋላ ኳስ ለምትጫወቱ፦ ጓደኛችሁ ሜዳ ላይ ቢወድቅስ?

ማታ ማታ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ለሜዳ አዋጥታችሁ ኳስ የምትጫወቱ ጎበዞች ናችሁ። ላቡም ሳቁም፣ በኋላ "ማን ነው የሳተው?" እያሉ መከራከሩም ለጤና ጥሩ ነው። ግን ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ የከረመ ሰው ድንገት በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ፣ በተለይ ዕድሜው ከ35 በላይ ከሆነ፣ የተደበቀ የልብ ችግር ሊቀሰቀስበት ይችላል።

እነዚህን አትናቁ፦
🔴 ስትሮጡ ደረትን የሚጫን ህመም
🔴 ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር
🔴 ራስን መሳት
🔴 በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው

አንዱ ካለ፣ ከጨዋታው በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። "ጨጓራዬ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያተረፈው ወዲያው የተሰጠው የደረት ግፊትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ግን ሐኪም የለም፤ ያላችሁት እርስ በርስ ነው።

ጓደኛችሁ ወድቆ ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ፦
1️⃣ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ (አዲስ አበባ 907)።
2️⃣ ሌላው እጆቹን ደራርቦ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳ.ሜ. ወደ ታች ይጫን።
3️⃣ ሲደክመው ሌላው ይተካው። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ!

ክብሪት ማሽተትና ውሃ መድፋት ጊዜ ማባከን ነው።

ይህን ለቡድናችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩት። መልካም ጨዋታ! ⚽