ያልተራገፈ ጆንያ

በዲላ ገበያ ጀንፈል የሚያስጭን ነጋዴ ያገለገለ ጆንያ ሳያራግፍ ቢሞላ፣ የቀድሞው ባለንብረት ፍሬ ከአዲሱ ጋር ይጓዛል። ኮምፒውተርም ፓኬት ሲልክ ጆንያ አለው፤ ባፈር ይባላል። ባፈሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ሌላ ነገር የተጻፈበት የማኅደረ ትውስታ ቦታ ነው።

ጉዳቱ የሚገለጠው መልእክቱ አጭር ሲሆን ነው። ኢተርኔት ከ46 ባይት ያነሰ ጭነት አይቀበልም። «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የኤአርፒ መልእክት ግን 28 ባይት ብቻ ነው፤ ቀሪው 18 ባይት መሞላት አለበት። መሙያው ዜሮ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አርኤፍሲ 894 ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በርካታ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮች ርዝመቱን ብቻ አስተካክለው፣ ባፈሩን ሳያጸዱ ይልኩ ነበር። ለፍጥነት ሲባል ነው እንዳይባል፣ 18 ባይት ማጽዳት ከቁጥር የሚገባ ድካም አይደለም!

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኦፊር አርኪን እና ጆሽ አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጉድለቱን «ኢተርሊክ» በሚል ስም ይፋ አደረጉት። በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው አጫጭር ፒንግ እየላከ፣ ከምላሾቹ ጅራት የሌሎችን መልእክት ቁርጥራጭ ሊለቅም ይችል ነበር፤ የይለፍ ቃልም ቢሆን። መፍትሔው ትርፉን ቦታ ከመላክ በፊት በዜሮ መሙላት ነበር፤ የሊኑክስ ድራይቨሮችም በዚሁ መንገድ ታረሙ።

ውድ አንባቢ፣ በቤተ ሙከራ ዋየርሻርክን ከፍተህ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ የኤአርፒ ጥያቄ ተመልከት። ከ28ኛው ባይት በኋላ ከዜሮ ሌላ ነገር ካየህ፣ ድራይቨሩ ጆንያውን አላራገፈ ይሆናል።